ለባሕሩ ጣቢያ የተላኩ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት ነው። የአተር ሾርባ ጥጄ ሳማስል፣ የታችኛው ፎቅ ልጅ ደረጃው ሥር ተቀምጦ የብስክሌቱን ሰንሰለት በናፍጣ ያጥባል። የናፍጣው ሽታ ሽቅብ መጥቶ ከአተሩ ጋር ሲቀላቀል ማማሰያዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሁለቱን ሽታ አንድ ላይ ካሸተትኩ ስንት ዘመኔ! የእህቴ ልጅ ሳራ እዚሁ ሮተርዳም የተወለደች ናት፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር ምላሷ ላይ የለም፣ ነግሬ ነግሬያት ተውኩት። «ታንቴ» ነው የምትለኝ፣ አክስቴ ለማለት። «ታንቴ፣ ምን ሆነሻል? ሾርባሽ እያረረ ነው እኮ» አለችኝ። «ባሕር ላይ ነኝ፣ ተይኝ» አልኳት። ሳቀችብኝ። ምን ታድርግ፣ እውነቴን መሆኑን በምን ትወቅ። ያ የባሕሩ ጣቢያ ከተዘጋ ስንት ዓመቱ፤ እኔ ግን ዛሬም ቢሆን ለምን እንደተዘጋ፣ ማን እንዳዘጋው፣ እኔስ ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ለምን እንደሆንኩ ብትጠይቁኝ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። የገባኝን ያህል ልንገራችሁ፤ ያልገባኝን እናንተ ሙሉት።

ያኔ ሻርሎይስ በሚባል የሮተርዳም ሰፈር ነበር የምኖረው፣ ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል። ክረምት ሲሆን መስኮቴ ከውስጥ በኩል በረዶ ይሠራ ነበር፤ ግን ማን ልብ ይለዋል፣ ወጣት ነበርን። ትከሻው በስፖንጅ የተነሳ ኮት ለብሼ ትራም ስሳፈር ራሴን ሚኒስትር ነበር የማደርገው። የትራም ትኬት እንደ ጥብጣብ የረዘመ ወረቀት ነበር፤ እያጠፋችሁ ማኅተም ታስመቱበታላችሁ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ደግሞ የት እንደገባ ይጠፋችኋል። ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት የተነሰነሰበት ጥሬ ዓሣ በሁለት ጉልደን መግዛት፣ ጭራውን ይዞ አንጋጦ መብላት የደግ ጊዜ ወግ ነበር። እኔ መጀመሪያ ሰው ሲበላ አይቼ «ወይ ጉድ! ድመት ናቸው እንዴ?» ብዬ ነበር፤ በኋላ ከእኔ የባሰ የሚወደው ጠፋ። ሃምሳ ጉልደኗ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ የሱፍ አበባ ነበረባት። ምን የመሰለች ብር! ዩሮው መጣና አበባችንን በድልድይ ለወጠብን። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ጭንቅላቱን ተላጭቶ፣ የሚያብረቀርቅ ቱታ ለብሶ፣ መዶሻ ሲወርድ የሚመስል ሙዚቃ ያስጮኻል። እኛ ደግሞ ከሰው ሰው ሲገለበጥ ድምፁ የሳሳ የትዝታ ካሴት እያዞርን እንሰማለን፤ ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ ነበር የሚዘፍንልን።

ጣቢያ ስላችሁ ባቡር እንዳይመስላችሁ። ከወደቡ አፍ ወጣ ብሎ፣ ባሕሩ ላይ መልሕቅ የጣለ ሰፊ የብረት መድረክ ነበር። ዘይት ጫኝ መርከቦች ወደብ ከመግባታቸው በፊት እዚያ ተጠግተው ሆዳቸውን ይታጠባሉ፤ ዝቃጩ ዘይት ወደ ጣቢያው ጋኖች ይቀዳል። ጠዋት ጠዋት ከወደቡ ዳር በትንሽ ጀልባ እንሄዳለን። ወንዶቹ ቱቦ ይጎትታሉ፣ ጋን ያጥባሉ፤ እኔ ወጥ ቤት ነኝ። የአተር ሾርባ እሠራለሁ፣ ድንች እጠብሳለሁ፣ ከዚያ የበሉበትን እወለውላለሁ። ማዕበል ሲነሳ ድስቴን በሽቦ አስሬ ነበር የማማስለው። ሆላንዶቹ ሾርባዬን ይወዱት ነበር፤ በስውር ሚጥሚጣ ጣል እንደማደርግበት ግን አንዱም አያውቅም። ኬስ የሚባለው አለቃችን ብቻ «ያንቺ ሾርባ ለምን አፍንጫ ያስናፍጣል?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። «ብርዱ ነው» እለዋለሁ።

እዚያ ሥራ ያስገቡኝ እዚያው የሚሠሩት አቦይ ተስፋይ ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ አሰብ ወደብ ላይ ጸጉራቸው እስኪሸብት ሠርተዋል፣ አማርኛውንም እዚያው ለምደው ከእኛ አስበልጠው ይናገሩታል። እኔም አሰብ ነው ያደግኩት። ባለቤቴ ጌታቸውም የአሰብ ወደብ ጭነት ቆጣሪ ነበር፤ አቦይ ተስፋይ ናቸው የሠርጋችን ሽማግሌ የሆኑት። ከዚያ አገር ታመሰ፣ ሰው በየፊናው ተበተነ። ፖለቲካውን ለሚያውቁት ልተወው። እኔ በብዙ ጣጣ ሆላንድ ደረስኩ፣ ጌታቸው ጅቡቲ ቀረ። ባልሽን ማምጣት ከፈለግሽ ቋሚ ሥራ ይኑርሽ ተባልኩ፤ እዚህ «ቫስት ኮንትራክት» ይሉታል፣ የማያልቅ ውል ማለት ነው። ኬስ ደግሞ «በመኸር ወራት ላንቺ ቫስት ኮንትራክት አለ፣ ቃሌ ነው» ብሎኛል። ከዚያ በኋላ እኔን ማን ይችለኛል! ጌታቸው የሚተኛበትን አልጋ ገዛሁ፣ ካፖርት ገዛሁለት፣ ካልሲ ሳይቀር። ከሥራ ስመለስ ካፖርቱን ከመስቀያው አውርጄ አራግፌ መልሼ እሰቅለዋለሁ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ጀልባው ጣቢያው ዘንድ ሲደርስ ውሃው ላይ ዘይት ተንጣልሏል። ቀስተ ደመና የመሰለ፣ ለዓይን የሚያምር ነገር ነው፤ መርዝ መሆኑን ካልነገሯችሁ ትደነቃላችሁ። ብዙ ሳይቆይ ብርቱካን ቀለም የለበሱ ተቆጣጣሪዎች በጀልባ መጡ፣ ውሃውን በጠርሙስ ቀዱ፣ ማንንም ሳያናግሩ ሄዱ። በማግሥቱ የጣቢያው የሥራ ፈቃድ ታገደ ተባለ። ኩባንያው «ዘይቱ የእኛ አይደለም፣ አላፊ መርከብ የደፋው ነው» አለ። የውሃው ባለሥልጣኖች «ከጋናችሁ ነው የፈሰሰው» አሉ። እኛ ሠራተኞቹስ? እኛማ ግራ ገባን። አንዱ «ታግዷል እንጂ አልተሰረዘም፣ ይለቀቃል» ይላል፤ ሌላው «ታገደ ማለት ተሰረዘ ማለት ነው፣ ሆላንዶች በቁም አይገድሉህም፣ አስተኝተው ነው» ይላል። አንድ ቱቦ ጎታች ደግሞ ማታውን አንዱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ሰምቻለሁ አለ፤ ወዲያው «አልሰማሁም» አለ። ኬስን ብጠይቀው «አላውቅም» አለኝ፣ እሱም እኮ ያንን ባሕር እንደ ጓሮው ነው የሚያውቀው። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጣቢያው ካልተከፈተ ኮንትራክቱ የለም፣ ኮንትራክቱ ከሌለ ጌታቸው የለም።

ከዚያ ኬስ ወሬ ይዞ መጣ። ራይስዋይክ ከተማ በሚገኝ መሥሪያ ቤት፣ ፈቃዱ ይመለስ ወይስ ጨርሶ ይሰረዝ የሚለውን የሚሰሙ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ነገሩ የነካው ሁሉ ገብቶ መናገር ይችላል። «እናንተም ኑ፤ በዚህ ሥራ የሚኖር ሰው እንዳለ ይዩ» አለን። እሱ ወንበር ሙሉልኝ ማለቱ ነበር። አቦይ ተስፋይ ግን ዓይናቸው በራ። «ሽማግሌ ይግባ እያሉ ነዋ!» አሉ። «አሰብ እያለን የወደቡ ሹም አንድ ክሬን ነጂ አባረረና አልታረቅ አለ። አራት ሆነን ሄደን በሩ ላይ ቆምን። ተቀመጡ ቢለን አልተቀመጥንም፣ ሻይ ቢያስመጣ አልቀመስንም። ምን አማራጭ አለው? መለሰው። ይኸውም ሹም ነው፣ ያም ሹም ነው።» እኔ እንግዲህ ቋንቋውን ከሳቸው ትንሽ ሻል ስለምል «እነዚህ ሌላ ናቸው አቦይ» ለማለት ቃጥቶኝ ነበር። ግን ምን በወጣኝ! የሰጠመ ሰው ያገኘውን ነው የሚጨብጠው። ደግሞ ማን ያውቃል፣ ሰው ሁሉ ሰው አይደል?

ለምክክር የተሰበሰብነው ዴንሃግ፣ የእኛ ጉባኤ እሑድ እሑድ በሚከራየው የሆላንዶች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነው። ከጉባኤያችን ሽማግሌዎች ጋሽ መኮንን አብረው እንዲቆሙ ተጠየቁ፤ ዴንሃግ አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ አስታማሚ ናቸው፣ ለሰው ጉዳይ እንቅልፍ የላቸውም። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ጋሽ መኮንን ጸለዩና «እንደ ወጉ ከሆነ ግን ድንጋይ ተሸክመን ነው መግባት ያለብን» አሉ። አቦይ ተስፋይ አሰቡበት። «ድንጋይ ከየት ይመጣል? ይህ አገር እኮ አሸዋና ውሃ ነው» አሉ። እውነትም በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ አንድ የሚረባ ድንጋይ የለም። ጋሽ መኮንን ወጡና ከመንገዱ ዳር የተፈነቀለ የእግረኛ መንገድ ጡብ ይዘው ገቡ። «ኧረ በስመአብ!» አልኩ። «ይህን ይዘን ከገባን መስኮት ልንሰብር የመጣን ነው የምንመስለው፣ ፖሊስ ነው የሚጠሩብን!» ጡቡ ቀረ። በኋላ ግን ጋሽ መኮንን ሁልጊዜ «ጡቡን ብንይዝ ኖሮ...» ይሉ ነበር፣ እስከ ዛሬም ይላሉ።

ቀኑ ደረሰ። መሥሪያ ቤቱ መስታወት ብቻ ነው፤ ውስጡ ምንጣፍና ጸጥታ። ጠረጴዛው ራስ ላይ አንድ ረጅም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው አለ፣ ሰብሳቢው እሱ ነው። የኩባንያው ጠበቃ ከንፈሩን እየጠራረገ «ዘይቱ ከጣቢያው እንዳልወጣ» አንድ በአንድ ሲያስረዳ ቆየ። ደህና ነበር የሚናገረው፣ እኔ እንኳ አምኜው ነበር። ከዚያ ሰብሳቢው «ሠራተኞቹ?» አለ። አቦይ ተስፋይ ከሱፋቸው በላይ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጋሽ መኮንን ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ፊት ወጡ። ሰብሳቢው በትሕትና ወንበር አሳየ። አልተቀመጡም። ቡና በፕላስቲክ ኩባያ መጣ። አልነኩም። «እባካችሁ ተቀመጡ» አለ ደግሞ። «እሺ እስኪለን ድረስ አንቀመጥም በይው» አሉኝ አቦይ። አልኩት። ጠባቂው ከበሩ ጠጋ ጠጋ ማለት ጀመረ። ሰብሳቢው «ይህ የተቃውሞ ሰልፍ አይደለም» አለ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ «ንቀት ሳይሆን አክብሮት ነው» ብዬ ላስረዳ ስሞክር ሆላንድኛው ከአፌ ጠፋ። በዚያ ላይ ሁለቱም እንደ አንድ ሰው ወገባቸውን አጎንብሰው እጅ ነሱ።

አቦይ ተስፋይ ቀና ብለው ተናገሩ። እኔም አንዱን ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ፤ አስተርጓሚ የሰማውን ነው የሚናገረው። «ልጄ፣ ያጠፋ ሰው አለ። ቤት ውስጥ ጥፋት አይጠፋም። ጥፋቱን ለእኛ ሽበት ብላችሁ ይቅር በሉ። ይህች ልጅ ባሏን የምታመጣው ይህ በር ሲከፈት ነው። ሁለተኛ አይለመደንም።» ይህን ስል ጠበቃው እንደ አመድ ነጣ። ኬስ ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውርዶ «ስለዚህ ሠራተኞቹ ዘይቱ ከጣቢያው እንደወጣ ያውቃሉ ማለት ነው?» አለ። ተረጎምኩላቸው። አቦይ ተገረሙ። «ከየት እንደወጣ እኔ ምን አውቄ? ጥፋት ባይኖር ሽማግሌ ምን ሊሠራ ይመጣል? ጥፋቱን በእኛ ይጻፈውና ይማረን በይው።» «በእናንተ?» አለ ሰብሳቢው። «በእናንተ ማለት በሠራተኞቹ ስህተት?» ጠበቃው ብድግ ብሎ «ይህ የአገራቸው ባህል ነው!» እያለ ጮኸ። ጋሽ መኮንን ደግሞ ሰው ስለኛ እየተከራከረ ነው ብለው «አሜን፣ አሜን» አሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በመጨረሻ ሰብሳቢው «የተባለውን ሁሉ ሰምተናል፣ እናስብበታለን» አለ። እሺ አላለ፣ እምቢም አላለ። ሽማግሌዎቹ እሺ ስላልተባሉ እንዲሁ ቆመው ቀሩ። በኋላ ጠባቂው በክርናቸው ይዞ፣ በጨዋነት፣ ወደ በሩ ሸኛቸው። አቦይ ተስፋይ ሲወጡ ጋቢያቸው በሩ እጀታ ላይ ተያዘ፤ ማንም ሳያግዛቸው ራሳቸው አላቀቁት።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ፈቃዱ ተሰረዘ። ጣቢያውን በሁለት ጎታች ጀልባ ስበው ሲወስዱት ወደቡ ዳር ቆሜ አየሁት፣ ወጥ ቤቴ ከነጭስ ማውጫዋ እየራቀች ሄደች። እኛ ነን ያዘጋነው? አላውቅም። ኬስ አንድ ቀን «አሰመጣችሁን» ይላል፤ ሌላ ቀን ቢራ ይዞ ሳገኘው «እናንተ ምን አደረጋችሁ፣ ውሳኔው ከመሰብሰባችን በፊት ያለቀ ነበር» ይላል። ጋሽ መኮንን ጡቡን ያነሳሉ። የወደብ ሰው ደግሞ ኩባንያው ራሱ ቦታውን መልቀቅ ይፈልግ ነበር ይላል። ማንን ልመን? አቦይ ተስፋይ ግን ክርክሩ ውስጥ አልገቡም። ሽማግሌ ተብለው ተልከው በክርን ተይዘው የወጡ ሰው ምን ይላሉ። ከሰው ፊት መቅረብ ተዉ፣ ቅዳሜ ገበያም ቀሩ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ቤትሽን አፈረስኩት» ይሉኝና ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ። «ኧረ አቦይ፣ ምን ነካዎት!» እላለሁ፤ አይሰሙኝም።

ለጌታቸው ከሻርሎይስ ስልክ ቤት ደወልኩ። ያኔ የስልክ ካርድ ሳንቲሙ ሲያልቅ እንደ ጫጩት ጺጺ ይላል፣ ለቅሶና ጺጺታ እየተደባለቀ ነው የሚወራው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ዘይቱን፣ ስብሰባውን፣ አቦይ ቆመው መቅረታቸውን። «አቦይ ተስፋይን? በክርናቸው ይዞ?» አለ። «አዎ።» «ሳይቀመጡ?» «ሳይቀመጡ።» ከዚያ ጺጺ አለና ተቋረጠ።

እኔ እንዲሁ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። አምስተርዳም ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ሆቴል ገባሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ፣ መታጠቢያ ቤት እፈትጋለሁ። ንጋት ላይ ባቡር ይዤ እሄዳለሁ፣ ወገቤ ተቆርጦ እመለሳለሁ። የሆቴሉ አለቃ ፊቷ የማይፈታ ሴት ነበረች፤ ግን ሥራ ታውቃለች፣ ሠራተኛም ታውቃለች። በጸደይ ጠራችኝና ቫስት ኮንትራክት ሰጠችኝ። እዚያው እልል ልል ምንም አልቀረኝ! በባቡሩ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ያየኝ ነበር። ካፖርቱን አራገፍኩ፣ ስልክ ቤት ሮጥኩ፣ ትልቁን ካርድ ገዛሁ። «ጌታቸው፣ አለቀ! ኮንትራክት አገኘሁ፣ ወረቀትህን ልጀምር ነው» አልኩት።

ካርዱ ሒሳቡን እየበላ ነው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «አልማዝ፣ ሽማግሌ የሚረግጥ አገር እኔ አልመጣም።» ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። «አቦይ ተስፋይን አቁሞ የመለሰ አገር፣ እኔን ምን ብሎ ይቀበለኛል? እሳቸው ያልተቀመጡበት ወንበር ላይ እኔ ልቀመጥ? የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ ተይኝ።» «እኔስ?» አልኩት። «እኔም እኮ አገሩ ውስጥ ነኝ!» «አንቺማ...» አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ የሠርጋችንን ቀን አነሳሁበት። አልተመለሰም። እውነት የአቦይ ክብር ነክቶት ነው? ወይስ እዚያ የያዘው ነገር ነበር፣ ምክንያት ፈልጎ ነው? ምሎ ተገዝቶ የለም አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፣ የሱን ሆድ ግን እኔ አላውቅም፤ ያኔም አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው ካርዱ ሳያልቅ ስልኩን መዝጋቴን ነው።

በቀጥታ ወደ አቦይ ተስፋይ ቤት ሄድኩ። የሚያጽናናኝ ሰው ከሳቸው በቀር ማን ነበረኝ። ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ድምፁን አጥፍተው። እያለቀስኩ የጌታቸውን ቃል እንዳለ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። ያ ከራይስዋይክ ጀምሮ የጎበጠ ወገባቸው ተቃና፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ የደስታ እንባ ነው። «እንዲህ አለ?» አሉኝ። «በሽማግሌው የደረሰው በእኔ ደረሰ አለ?» «አዎ አቦይ።» «ስለ እኔ ብሎ?» «አዎ።» ትከሻዬን ይዘው፣ ፊታቸው እንደ ድሮው በርቶ፣ «አየሽ ጓለይ! ሰው አለ! ሽማግሌ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልጠፋም! እንዴት ያለ ሰው ነው ያገባሽ!» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ቀን ወዲህ ሻይ አስፈልተው ጠጡ። እኔም ጽዋዬን ይዤ አየኋቸው። «አዎ አቦይ፣» አልኳቸው፣ «ሰውስ ሰው ነው።»